ከምላስ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ እብጠት

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ምላሱ ታስሮ የተወለደ ልጅ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ አልፎ አልፎ የሚገጥመውን እብጠት ነው።

ከምላስ ሥር ያለውን አጭር ጅማት መልቀቅ ቀላል ሥራ ይመስላል። ቦታው ግን ጠባብ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በአፋችን ዙሪያ ሦስት ጥንድ ትልልቅ የምራቅ ዕጢዎችንና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎችን አኑሯል። ከመንጋጋ ሥር ያሉት ዕጢዎች ምራቃቸውን የሚያፈሱባቸው ቀዳዳዎች ከዚያው ጅማት ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ከምላስ ጫፍ በታችም ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ከእነዚህ ቱቦዎች አንዱ በመቀስ ቢነካ ወይም በስፌት ክር ቢታነቅ ዕጢው ምራቅ ማመንጨቱን አያቆምም። ቦዩ የተደፈነ ግቢ ዝናብ ሲመጣ የሚሆነውን አስቡ፤ ምራቁም መውጫ ሲያጣ ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል።

ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እናት የልጇን ምላስ ቀና አድርጋ ስታይ ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ታገኛለች። ብዙውን ጊዜ አያምም። ምላሱ ላይ ያለው ሙኮሲል ይባላል። የአፍን ወለል የሚሞላው ደግሞ ራኑላ ነው፤ በላቲን ትንሽ እንቁራሪት ማለት ነው፣ የእንቁራሪት ሆድ ስለሚመስል። ካንሰር አይደለም። የጠነከረ ወይም የቆሰለ እብጠት ግን ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

እኛን የሚያሳስበን በቤት ውስጥ በመርፌ መብጣቱ ነው። የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይወጣል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ቤተሰቡም «አልሐምዱሊላህ ዳነ» ይላል። ዕጢው ግን ሥራውን ስለሚቀጥል እብጠቱ ተመልሶ ይሞላል። ከምላስ ሥር የደም ሥርና ነርቭ እንዳለም አይዘንጋ፤ መርፌውም ቁስሉን ሊያመረቅዝ ይችላል። ሐኪም ቤትም ቢሆን ፈሳሹን መምጠጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ትንሹ በራሱ ሊጠፋ ይችላል፤ ካልጠፋ ሐኪሙ እብጠቱን ከሚመግበው ዕጢ ጋር ያወጣዋል።

መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው፣ አንገቱ ካበጠ፣ ካተኮሰው ወይም መግል ከታየ ነገን አትጠብቁ።

በረመዳን ይህ እብጠት የፈነዳበት ጾመኛ የራሱን ምራቅ መዋጡ ጾሙን አያበላሽበትም፤ ደም ከተቀላቀለበት ግን ይትፋው።

ቀዶ ሕክምናውን የሠራውን ሐኪም «ያበላሸብን እሱ ነው» ብላችሁ አትሽሹት። ይህ በሠለጠነ እጅም የሚያጋጥም ነገር ነው። ቀዶ ሕክምናው መቼ እንደተደረገ፣ እብጠቱ መቼ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ ፈንድቶ እንደተመለሰ ንገሩት።