ተጨማሪ መረጃ፦ ካይዘንና የሆስፒታል ሠራተኛ እርካታ
ከጃፓን ፋብሪካዎች የመጣው ካይዘን የተባለው የማያቋርጥ ማሻሻያ ዘዴ፣ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ሲቋቋም በአገራችን ተቋማዊ መልክ ያዘ፤ ወደ ሆስፒታሎችም ገባ። መነሻው የሥራ ቦታን ማደራጃ አምስት እርምጃዎች ናቸው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ። ደም የሚፈሳት ወላድ በሌሊት ስትደርስ ጓንቱም፣ ካኑላውም፣ ኦክሲቶሲኑም በታወቀ ቦታቸው ከተገኙ አዋላጇ በፍለጋ አትዋከብም። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው አሶሳ ደግሞ ያለቀ ዕቃ ቶሎ አይተካም፤ ስለዚህ ሊያልቅ መቃረቡን አስቀድሞ የሚጠቁም አሠራር የባለሙያውን ጭንቀት ያቃልላል። ማሻሻያው ከላይ የወረደ ቅጽ መሙላት ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ሸክም ይሆናል። ሠራተኛው ያቀረበው ሐሳብ ሥራ ላይ ሲውል ማየት አለበት። የተስተካከለ መደርደሪያ ደግሞ የዘገየ የተረኝነት (ዲዩቲ) ክፍያን አይተካም።