ስም ከነሥርዓቱ፤ የካፌ ፍራንቻይዝ ለሐዋሳ ነጋዴ ሲተዋወቅ

በበንሳ፣ በአለታ ወንዶና በዳሌ ተለቅሞ፣ ታጥቦና በአልጋ ላይ ደርቆ የሚወርደው የሲዳማ ቡና፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን ማገበያየት ከጀመረበት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በሐዋሳ ባለው መጋዘንና የቅምሻ ክፍል ሲመዘን፣ ናሙናው ሲቆላና ሲቀመስ፣ ደረጃም ሲወጣለት የኖረ ስለ ሆነ፣ ይህች በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ የቡናን ጠባይ በምላሳቸው ለይተው በሚያውቁ ባለሙያዎች በኩል ከሌሎቹ የአገራችን ከተሞች የምታንስ አይደለችም። ይሁን እንጂ ከፒያሳ እስከ አቶቴ፣ ከመናኸሪያ እስከ ፍቅር ሐይቅ ባሉት መንገዶች ግራና ቀኝ የተሰለፉትን ካፌዎች በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው፣ አብዛኞቹ በባለቤታቸው እጅና ዓይን ብቻ የቆሙ መሆናቸውን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ባለቤቲቱ ማለዳ ከተገኘች ማኪያቶው ያምራል፣ ለቅሶ የሄደች ዕለት ግን ወተቱ ያርራል፣ ጎበዙ የማሽን ሠራተኛ ወደ ሌላ ቤት በተዛወረ ማግሥትም ደንበኛው ተከትሎት ይሄዳል። ፍራንቻይዝ የሚባለው የንግድ ሥርዓት የተፈጠረው አንድ ቤት ካቋቋመው ሰው እጅ ወጥቶ፣ በሌላ ሰው ገንዘብና ድካም፣ በሌላ ሰፈርና በሌላ ከተማ፣ ያንኑ ቡና በዚያው ጣዕም ማቅረብ ይችል ዘንድ ነው።

ነገሩ በአጭሩ ሲገለጥ እንዲህ ነው፤ በስሙና በአሠራሩ የታወቀ ነጋዴ፣ ስሙን፣ ምልክቱን፣ የአሠራሩን ምሥጢርና የማያቋርጥ ትምህርቱን ለሌላ ነጋዴ በውል ይሰጣል፤ ተቀባዩም በመግቢያው አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ከሽያጩ የተወሰነ እጅ ይከፍለዋል። ቤቱን የሚከራየው፣ ማሽኑን የሚገዛው፣ ሠራተኛውን የሚቀጥረው፣ ኪሳራም ቢመጣ የሚሸከመው ተቀባዩ ነው፤ ስሙና ሥርዓቱ ግን ምን ጊዜም የሰጪው ናቸው። ፍራንቻይዝ ከቅርንጫፍ የሚለየውም በዚህ ነው። ቅርንጫፍ የባለስሙ የገዛ ንብረቱ ሲሆን፣ በፍራንቻይዝ ግን ሁለት ባለቤቶች በአንድ ስም ጥላ ሥር ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 በአዲስ አበባ ፒያሳ የተከፈተው ቶሞካም ሆነ ከእርሱ ግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ብቅ ያለው ካልዲስ፣ አንድ የቡና ስም በብዙ ደጅ ተጽፎ ሊታመን እንደሚችል ለሕዝባችን አስተምረዋል፤ ነገር ግን አንድ ስም በብዙ ደጅ መጻፉ ብቻውን ፍራንቻይዝ መኖሩን አያስረዳምና፣ ስምን ለመከራየት የሚያስብ ሰው ከማስታወቂያው ሰሌዳ አልፎ ውሉን መመርመር ይገባዋል።

ሥርዓቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ መመረት የጀመረው፣ የለስላሳ መጠጥ አምራቹ ሞሐም በዚሁ በሐዋሳ ባቆመው ፋብሪካ ፔፕሲን፣ ሚሪንዳንና ሰቨን አፕን በጠርሙስ የሚሞላው በእንዲህ ያለ ፈቃድ ነው፤ በላያብ ፉድስም እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዛ ሀትን ወደ አዲስ አበባ ያመጣው በፍራንቻይዝ ውል ነው። በውጭው ዓለም የዚህ አሠራር ጅማሬ ብዙውን ጊዜ የሚቈጠረው በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ላይ፣ በየሰገነታችን ሥር ልብስ ሰፊዎቻችን ዛሬም ከሚረግጡት ከሲንጀር የስፌት መኪና ነው፤ በቡናው መስክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው ደንኪን ከ5 ዓመት በኋላ ስሙን ለሌሎች መስጠት ጀመረ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1971 በሲያትል የተመሠረተውና በዓለም ከሁሉ የገነነው ስታርባክስ፣ በገዛ አገሩ ለተራ ነጋዴ ስሙን በፍራንቻይዝ ከመስጠት ተቈጥቦ፣ አብዛኛውን ራሱ ሲከፍት፣ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ባሉ ስፍራዎች ብቻ በፈቃድ ያሠራል። ስሙን ለማከራየት የሚቸኩል የሐዋሳ ነጋዴ ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ።

ለእኛ አንባቢ የፍራንቻይዝ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጥለት በገዳም ሥርዓት ይመስለኛል። አንድ ገዳም ከእናት ገዳሙ ርቆ በሌላ ምድር ሲመሠረት፣ አዲሶቹ መነኮሳት መሬቱን የሚያርሱት በራሳቸው ክንድ፣ ቤቱን የሚሠሩት በራሳቸው ላብ ቢሆንም፣ የጸሎቱ ሰዓት፣ የማዕዱ ሥርዓት፣ የአቀባበሉ ወግ ሁሉ ከእናት ገዳሙ መጽሐፈ ሥርዓት የተቀዳ ስለ ሆነ፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ በሁለቱም ዘንድ አንዱን አባት ያያል። በካፌ ፍራንቻይዝም የነገሩ ራስ መጽሐፈ ሥርዓቱ ነው፤ እርሱ ሳይጻፍ ስም የሚያከራይ ሰው የሚያከራየው ሰሌዳ ብቻ ነው።

መጽሐፉ ምን ይዞ ሊገኝ እንደሚገባ አንዲት ስኒ የማሽን ቡና ብቻ ብንመረምር በቂ ትምህርት እናገኛለን። ለአንድ ስኒ የሚገባው የተፈጨ ቡና በብዙ ቤቶች ልማድ 8 ግራም ያህል ነው፤ በእጀታው ውስጥ ተስተካክሎ ይጫናል፣ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሞቀ ውሃም በ9 ባር ገደማ ግፊት ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ያልፍበታል። በ15 ሰከንድ የወረደ ቡና አፈጫጨቱ የሻከረ ስለ ሆነ ቀጭንና ጎምዛዛ ነው፤ በ45 ሰከንድ የወረደ ደግሞ እጅግ ደቆ ተፈጭቷልና ይመራል። መፍጫው ማለዳ የተስተካከለበት ልክ፣ አየሩ ከሐይቁ እርጥበት ጋራ ሲለዋወጥ ከቀትር በኋላ ላይሠራ ስለሚችል፣ ሠራተኛው ሰዓት እያየ ደጋግሞ ማረም አለበት። ለማኪያቶ የሚሞቀው ወተትም ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ ጣፋጭነቱ ይወጣል፤ ከ70 ካለፈ ግን የተቀቀለ ወተት ሽታ ያመጣል። ከባሕር ወለል ወደ 1700 ሜትር ከፍ ባለችው በሐዋሳ ውሃ በጀበና የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ለማሽን ቡና በሚፈለገው ልክ መካከል የሚውል ሙቀት ሲሆን፣ በመንገድ ዳር ረከቦት ዘርግተው ለሚያፈሉት እኅቶቻችን ተፈጥሮ ራሷ የሰጠቻቸው ነው።

አሁን ስም ተቀባዩ ወደሚገጥመው ፈተና እንምጣ። አንድ ፈረሱላ ይኸውም 17 ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ስድስተኛው እጅ ያህል ስለሚተን 14 ኪሎ ገደማ የተቆላ ቡና ይወጣዋል፤ እርሱም በ8 ግራም ስሌት 1750 ስኒ ይሆናል። አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና በ8 ግራም 125 ስኒ ሲወጣው በ7 ግራም ግን 142 ስኒ ይወጣዋል። እነዚያ 17 ስኒዎች ለስም ተቀባዩ ከየኪሎው የሚገኙ ትርፍ ሲሆኑ፣ ለስም ሰጪው ግን ለዓመታት የተገነባ የጣዕም እምነት መሸርሸር ናቸው፤ ደንበኛው አንዲት ግራም መጉደሏን ባያውቅም ቡናው መሳሳቱን ያውቃልና ዳግመኛ ሲመጣ ሌላ ቤት ይመርጣል፣ የሚሰጠውንም ስም ለዚያ አንድ ደጅ ሳይሆን ለሁሉም ይሰጠዋል። ስለዚህ ሚዛን በየማሽኑ አጠገብ መኖር አለበት፤ ሳያስታውቅ መጥቶ የሚቀምስ መርማሪም ሊኖር ይገባል። ሰጪውም በበኩሉ ከፈተና የነጻ አይደለም። የተቆላ ቡና ከእኔ ብቻ ትገዛለህ ብሎ በውል ያሰረ ባለስም፣ ዋጋውን ከገበያው በላይ ሰቅሎ በስውር ሁለተኛ ክፍያ ሊሰበስብ ይችላልና፣ ተቀባዩ የቡናው ዋጋ በምን መሠረት እንደሚወጣ ከመፈረሙ አስቀድሞ ማስጻፍ አለበት።

የየጊዜው ክፍያ በዓለም ልማድ ብዙውን ጊዜ ከሽያጩ በመቶ ከ4 እስከ 8 ነው። ከሽያጭ ማለት ከትርፍ ማለት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል፤ የቤት ኪራዩና የስኳሩ ዋጋ ንሮ ተቀባዩ ምንም ያላተረፈበት ወር እንኳ ቢሆን ሰጪው ድርሻውን ይወስዳልና። ይህን ሳያሰላስል የገባ ሰው ብዙ ነው።

ከውጭ የተቀዳ መጽሐፈ ሥርዓት ለሐዋሳ የማይበቃባቸው ነገሮችም አሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ከዚያም ውጭ በረቡዕና በዓርብ፣ የማኪያቶው ሽያጭ በኦርቶዶክሳውያን ደንበኞች ዘንድ ቀንሶ ጥቁር ቡናና ሻይ ሲበረክት፣ በረመዳን ደግሞ የእስልምና ተከታዮች ቀኑን ሙሉ ከመጠጥ ስለሚታቀቡ፣ የወተት አቅርቦቱ ውል በየወሩ እኩል ሊሆን አይችልም፤ የወንጌላውያኑ ብዛት ደግሞ የሐዋሳን ሚዛን ከሌሎች ከተሞች የተለየ ያደርገዋል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ከየአገሩ የሚጎርፈው ምእመን፣ በፊቼ ጫምባላላ ወደ ጉዱማሌ የሚወርደው ሕዝብ፣ ከተማዋን በሰዓታት ውስጥ ያጥለቀልቃታል፤ ያን ዕለት ተጨማሪ ስኒና ተጨማሪ እጅ ያላዘጋጀ ቤት ያፍራል። መብራት ሲጠፋም ማሽኑ ቆሞ ደንበኛ እንዳይመለስ፣ በአንድ ጥግ ከሰልና ጀበና ይዛ የምትቀመጥ ባለሙያ በሥርዓቱ ውስጥ ስፍራ እንዲኖራት እመክራለሁ። እርሷን ለጌጥ ብቻ አስቀምጦ አነስተኛ ደመወዝ የሚከፍል ካፌ ግን የቡናን ክብር አያውቅም፤ የዚህች አገር የቡና ሊቅነት ከማሽኑ አስቀድሞ በእርሷ እጅ የነበረ ነውና።

ስም ሀብት መሆኑን የተጠራጠረ ሰው ቢኖር፣ የዚህችው ምድር ስም ያለፈበትን ሙግት ያስታውስ። የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌና ሐረር የሚባሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት ይመዘገቡለት ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአሜሪካ መንግሥት ባመለከተ ጊዜ፣ ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን ምልክት ስታርባክስ አስቀድሞ ለራሱ እንዲመዘገብለት ጠይቆ ነበር፤ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተደመደመ፤ ኢትዮጵያም ስሞቹን ያለ ክፍያ፣ ነገር ግን የባለቤትነቷን መብት በሚያከብር የፈቃድ ውል ለቡና ነጋዴዎች መስጠትን መረጠች። በእኔ አስተያየት ይህ ብልህ ምርጫ ነበር፤ ጥቂት ሳንቲም ከመሰብሰብ ይልቅ ስሙ በየማሸጊያው ላይ እየተነበበ እንዲከብር ማድረግ ለገበሬው የረጅም ጊዜ ጥቅም አለውና። ለካፌ ባለቤት ግን ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ነገር አለ። የእግር ኳስ ክለባችን የሚጠራበትን፣ የሕዝብ የጋራ የሆነውን የሲዳማን ስም ብቻውን የራሱ ሊያደርገው ስለማይችል፣ ለቤቱ ከሌላው ፈጽሞ የሚለይ ስም መርጦ፣ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት። ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሆኖ በየጊዜው ይታደሳል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ደግሞ ፍራንቻይዝን በስሙ ጠርቶ በመዝገብ እንዲገባ የሚያደርግ ስለ ሆነ፣ በቃልና በሽማግሌ ብቻ የተደረገ ስምምነት እዚህ ላይ አያዋጣም።

እንግዲህ በሐዋሳ ጥሩ ካፌ ያለው ሰው ከየት ይጀምር? ሁለተኛውን ቤት ራሱ ይክፈትና በሌላ ሰው ያሠራው፤ እርሱ ዘወትር ሳይገኝበት፣ በጾሙም በፍስኩም፣ በክረምቱም በበጋውም፣ ቡናው አንድ ሆኖ ዓመቱን ከዘለቀ ያን ጊዜ የሚሸጥ ነገር አለው። መጽሐፈ ሥርዓቱን በአማርኛና በሲዳምኛ ያስጽፈው፤ ሠራተኞቹ በማይገባቸው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ቡናውን በአንድ ስፍራ በሐዋሳ ቆልቶ ለሁሉም ቤቶች ያከፋፍል፤ ጥሬውንም በተቻለ መጠን እ.ኤ.አ. በ2001 እንደ ተቋቋመው የሲዳማ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ካሉ የገበሬ ማኅበራት መግዛትን ያስብበት። ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ዘመን ሲከለክል ስለ ኖረ፣ የቡና እናት የሆነችው አገር ልጆች በአመዛኙ የተመረጠው ከሄደ በኋላ የቀረውን ሲጠጡ ኖረዋል፤ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ መልካሙን ፍሬ ለሐዋሳ ሰው የሚያቀርብ ባለስም ቢነሣ፣ ከንግዱ ጋራ ፍትሕንም ያደርጋል ብዬ አምናለሁ።

የቀረው የውሉ መጨረሻ ነው፤ ሰዎች ሲፈራረሙ በደስታ ስለሚሆኑ የሚዘነጉት ይህን ነው። ውሉ ለስንት ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ በፊት ቢፈርስ የመግቢያው ክፍያ ምን ይሆናል፤ ተቀባዩ ቢሞት ወራሾቹ ቤቱን ይቀጥላሉን፤ ሰጪውስ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሰው ላለመትከል ይገደዳልን? ዘመኑ ባለቀ ጊዜ ተቀባዩ ሰሌዳውን ያወርዳል፣ ምልክት ያለባቸውን ስኒዎችና የሠራተኛ ልብሶች ይመልሳል፣ መጽሐፈ ሥርዓቱን ያስረክባል፤ ማሽኑ፣ መፍጫው፣ ወንበሮቹና የቤቱ ኪራይ ውል ግን በእጁ ይቀራሉ። በዚያው ቤት በሌላ ስም ወዲያው ቡና ማፍላት ይችል እንደ ሆነ፣ ወይስ የተወሰነ ጊዜ መታገሥ ይገባው እንደ ሆነ፣ ይህ በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ መወሰን አለበት።