ቡናና ራስ ምታት፦ ስለ አንድ የጤና እምነት አፈታተን

እዚህ ስቶክሆልም ውስጥ በኢትዮጵያውያን ቤት ቡና በሚፈላበት ሰዓት ዘወትር ከሚሰሙት ንግግሮች አንዱ «ዛሬ ቡና ስላልጠጣሁ ራሴን ፈለጠኝ» የሚለው ነው። ተናጋሪው አቦሉን እንደ ቀመሰ «አሁን ዐይኔ ተገለጠ» ይላል፤ በዙሪያው የተቀመጡትም ነገሩን በየራሳቸው ስለሚያውቁት ምስክር አይጠይቁትም። ለመሆኑ ይህ እምነት እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ በምን እናውቃለን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቡናን ማወደስ ወይም መንቀፍ ሳይሆን፣ በልማድ የተቀበልነውን አንድ የጤና እምነት ቁጥጥር ባለበት ሙከራ ለመፈተን ምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከምንኖርበት ከተማ እንጀምር። የስዊድን መንግሥት ከ1756 ጀምሮ ቡናን በተለያዩ ጊዜያት ከልክሎ ነበር። አንደኛው ምክንያት ለቡና ግዥ ከአገር የሚወጣው ገንዘብ ሲሆን፣ ሌላው ቡና ለጤና ጠንቅ ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ ይህንኑ ለማረጋገጥ ፈልጎ፣ ሞት የተፈረደባቸውን ሁለት መንትያ ወንድማማቾች ከሞት ምሮ፣ አንደኛው በየቀኑ ሦስት ማንቆርቆሪያ ቡና፣ ሁለተኛው ያንኑ ያህል ሻይ እንዲጠጡ አዘዘ ይባላል። እንደ ትረካው ከሆነ በመጀመሪያ የሞቱት ተቆጣጣሪዎቹ ሐኪሞች ናቸው። ንጉሡም በ1792 በስቶክሆልም ኦፔራ ቤት በጥይት ተመትቶ ሞተ። ከመንትዮቹ ቀድሞ የሞተው ደግሞ ሻይ ጠጪው ሲሆን፣ ዕድሜው 83 ደርሶ ነበር ይላሉ። የንጉሡ አሟሟት በታሪክ የታወቀ ነው፤ የመንትዮቹን ነገር ግን ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠሩታል።

ትረካው እውነት ሆነም አልሆነ ለትምህርት ይጠቅማል። መንትዮችን መምረጡ ብልህነት ነው፤ በትውልድና በአስተዳደግ የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ሲነጻጸሩ ልዩነቱን ከመጠጡ ለማያያዝ ይቀላልና። ጉድለቱ ግን ይበዛል። አንደኛ፣ ሁለት ሰው እጅግ ትንሽ ነው፤ አንዱ በሳንባ ምች ቢሞት ውጤቱ ሁሉ ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ ሻይም ቡናም ካፌይን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለያዙ፣ ማነጻጸሪያ የተባለው ራሱ ማነጻጸሪያ አልነበረም። ሦስተኛ፣ ማን ምን እንደሚጠጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። አራተኛ፣ እስረኞቹ ፈቅደው የገቡበት አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጥያቄ እንመለስ። «ቡና ያልጠጣ ራሱን ያመዋል» የሚለው አባባል ብዙ ነገሮችን አንድ ላይ የጠቀለለ ነው። ሕመሙን የሚያስታግሰው ካፌይኑ ነው? ወይስ ዕጣኑ፣ ዕረፍቱና ጨዋታው? ወይስ «ይሻለኛል» ብሎ መጠበቁ? በጾም ቀን ራሱን የሚያመው ሰውስ ያመመው ቡናው ስለ ቀረበት ነው ወይስ እህልና ውሃ ስላልቀመሰ? የክረምቱ ጨለማና እንቅልፍ ማጣትም አሉ። ሙከራ ማለት ከእነዚህ መካከል አንዱን ብቻ ለይቶ እየለወጡ ሌላውን ሁሉ ባለበት ማቆየት ነው።

በመሆኑም ሙከራው እንደሚከተለው ሊነደፍ ይችላል። በየቀኑ ቡና የሚጠጡና በፈቃዳቸው የሚሳተፉ አርባ ያህል ጎልማሶች ይመረጣሉ። አንድ ዓይነት ቡና ከነካፌይኑ፣ እንዲሁም ካፌይኑ የወጣለት፣ «ሀ» እና «ለ» ተብሎ በሁለት ዕቃ ይታሸጋል። እያንዳንዱ ተሳታፊ አንዱን ሳምንት «ሀ»ን፣ ሌላውን ሳምንት «ለ»ን ይጠጣል፤ በመካከሉ ወደ ተለመደው ቡናው ይመለሳል። በዚህ አኳኋን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ መንትያ ይሆናል፤ ንጉሡ የፈለገው ጥቅም ያለ እስር ይገኛል ማለት ነው። የትኛው እንደሚቀድም በዕጣ ይወሰናል እንጂ በምርጫ አይደለም፤ አለዚያ ጠንካራ ሱሰኞች በአንድ ወገን ሊከማቹ ይችላሉ።

ጀበናው፣ ዕጣኑ፣ የስኒው ቁጥርና ሰዓቱ በሁለቱም ሳምንታት አንድ ዓይነት ይሁኑ። የምስጢሩ ቁልፍ ከሦስተኛ ሰው ዘንድ ታሽጎ ይቀመጥ፤ የምትቀዳዋም የሚጠጣውም አይወቁት። ሻይና ለስላሳ መጠጥ ካፌይን ሊይዙ ስለሚችሉ በእነዚያ ቀናት ይቅሩ። ተሳታፊው በየማታው የራስ ምታቱን መጠን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይመዝግብ። የካፌይን ሐራራ ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀምሮ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ የአንድ ቀን ምዝገባ አይበቃም። በመጨረሻም ተሳታፊው የትኛውን በየትኛው ሳምንት እንደ ጠጣ እንዲገምት ይጠየቃል፤ ብዙዎች በትክክል ካወቁ ምስጢሩ በጣዕሙ ወጥቷልና ውጤቱ አያስተማምንም።

ከሁሉ የሚከብደው አንድ ነገር ይቀራል። ምን ያህል ልዩነት ቢገኝ እምነቱ ጸንቷል፣ ምን ቢገኝ ወድቋል እንደምንል ሙከራው ሳይጀመር በጽሑፍ መወሰን አለበት። ይህን ያላደረገ ሰው ውጤቱን ካየ በኋላ የወደደውን ትርጉም ይሰጠዋል።

ይህን የመሰለ ጥናት በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አድርገው በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳትመውታል። ጣዕም ምስጢሩን እንዳያወጣ ካፌይኑን በስኒ ሳይሆን በእንክብል ሰጡ። ተሳታፊዎቹ 62 ሲሆኑ፣ በአማካይ በቀን ሁለት ስኒ ተኩል የሚሆን ቡና የሚይዘውን ያህል ካፌይን የሚወስዱ ነበሩ። ባዶውን እንክብል በወሰዱበት ጊዜ 52 በመቶው መካከለኛ ወይም ከባድ ራስ ምታት ሲሰማቸው፣ ካፌይን በወሰዱበት ጊዜ ግን 6 በመቶው ብቻ ናቸው ያመማቸው።

ስለዚህ የእናቶቻችን አባባል ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ሙከራው አባባሉን አጥብቦታል፤ የዛሬው ስኒ የሚያስታግሰው የትናንቱ ስኒ ያስለመደውን ሕመም ነው። «ቡና ለራስ ምታት ሁሉ መድኃኒት ነው» የሚለው ሌላ አባባል ስለሆነ ሌላ ሙከራ ይሻል። ልዩነቱ ተራ አይደለም። ለቀዶ ሕክምና ሲባል ቡና ተከልክሎ የዋለ በሽተኛ ልማዱን ለሐኪሙ ቢነግር ራስ ምታቱ በከንቱ አያስደነግጥም። በአንጻሩ ማንኛውንም ራስ ምታት «ሐራራ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው የሌላ ደዌ ምልክት ሊያመልጠው ይችላል።

በስደት የሚኖር ሰው ልማዱ ሲጠየቅበት ማንነቱ የተነካ ይመስለዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ያደረጉት ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ በዝተው አዩ፤ በሕይወት ያሉትንም ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉና ሲሞቱ ተመለከቱ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ለማጥፋት የተደረገው የብዙ ዓመት ምርምር የተነሣው ከዚህ ነው። እርሳቸውና አቶ ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በዚሁ በስቶክሆልም ተቀበሉ። የአጣቢዎቹን ልማድ አልናቁም፤ በአድናቆት ብቻም አላለፉት፤ ፈተኑት እንጂ። የቡናውንም ነገር እዚህ ያለነው፣ አርባ ፈቃደኞች፣ ሁለት የታሸጉ ዕቃዎችና አንድ ታማኝ ምስጢር ጠባቂ ካገኘን፣ በራሳችን ጀበና ልንፈትነው እንችላለን።