ክብሪት የማይጫርለት ሕመም

ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት «ክብሪት ጫሩ!» ነው። ክብሪቱ ባያድንም ሁላችንም እንሮጣለን። የሚጥል ሕመም ማለት መውደቅ፣ መንቀጥቀጥና አረፋ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አምና አክስቴ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እስክትገባ ድረስ።

ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ተሳካ ተባለ፤ እሷ ግን አልነቃችም። «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» አልን። በአራተኛው ቀን ሐኪሙ የአንጎል ሞገድ የሚለካውን ኢኢጂ አዘዘላት። ጣቷ እንኳ ሳይንቀሳቀስ አንጎሏ ውስጥ ሐኪሞች «ሲዠር» የሚሉት የኤሌክትሪክ ማዕበል ይመላለስ ነበር። በግማሽ ሰዓት ምርመራ መያዙ ዕድል ነው።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ያለማቋረጥ ኢኢጂ ከተደረገላቸው 570 ሕሙማን በ110ሩ ላይ ሲዠር ተገኝቷል። ከእነዚህ 101ዱ ምንም መንቀጥቀጥ አልታየባቸውም። ለዚህ ነው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መከታተል የሚመከረው።

ግን ማን ያነበዋል? አንድ የኢኢጂ ገጽ በተለምዶ 10 ሰከንድ ነው፤ የ24 ሰዓቱ 8,640 ገጽ ይሆናል! ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ጥያቄውን ያውቀዋል፦ እጥረቱ የማሽን ብቻ ሳይሆን የዓይንም ነው።

መላው እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተር ሞገዱን በፍጥነቱና በጉልበቱ ለክቶ፣ የሰዓታቱን ንባብ በአንድ ባለቀለም ሥዕል ይጠቀልለዋል። ሲዠሩ ብዙ ጊዜ እንደ ነበልባል ሽቅብ ወጥቶ ይታያል። በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ጥናት፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ከስፔሻሊስቶቹ ባልተናነሰ ሁኔታ ለይተውታል።

ታዲያ ሥዕሉን ማመን ብቻ ይበቃል? አይበቃም። የግሽበት አሃዝ እናቴ ሽንኩርት በስንት እንደገዛች አይነግረኝም፤ አማካይ ነዋ! ሥዕሉም እንደዚያው ነው። አጭር ወይም ትንሽ ቦታ ላይ ያለ ሲዠር ይሰወርበታል፤ ሕመምተኛው ሲያኝክ ወይም ሲነቃነቅ ደግሞ በሐሰት ይደነግጣል። ሥራው «እዚህ ጋ እዩ» ማለት ነው፤ ፍርዱ ዋናውን ሞገድ የሚያነበው ሐኪም ነው።

አክስቴ መድኃኒት ተጀመረላት፤ ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች። እነዚያን አራት ቀናት ግን አልረሳቸውም። የእናንተም ሕመምተኛ መንቃት ሲገባው ካልነቃ፣ «ተኝቷል» ብላችሁ አትቀመጡ። «ዶክተር፣ ኢኢጂ ይታይለት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።