ደለል የማይረሳው መርዝ፤ የደጋው ገበሬ ሊያውቀው የሚገባ

አምባ ጊዮርጊስ፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አምባ ጊዮርጊስ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት በሚያመርቱ የወገራ ወረዳ ቀበሌዎች የተከበበች ናት። ክረምት ሲገባ ገብሱን አረም ይሻማዋል፤ ድንቹን በሽታ ይመታዋል። ገበሬውም መርጫውን በጀርባው አዝሎ ማሳ ይወርዳል። የሚረጨውን ኬሚካል ብዙው ሰው «መድኃኒት» ይለዋል። ይሁንና ርጭቱ ካበቃ በኋላ የመርጫው እጣቢ የት ይፈሳል? ባዶው ጠርሙስስ ወዴት ይጣላል? የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊያነሡት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው።

የደጋው ውሃ በደጋው አይቀርም። ከጎንደር በስተሰሜን ካሉት ተራሮች የሚነሣው የመገጭ ወንዝ ጣና ሐይቅ ይገባል። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብም ጎርፍ በሚያመጣው ደለል ሲቸገር የኖረ ነው። የታጠበ አፈር ደግሞ ብቻውን አይወርድም። እንደ ዲዲቲ ያሉት መርዞች በውሃ ስለማይሟሙ ከሸክላ አፈር ጋር ተጣብቀው አብረው ይጓዛሉ፤ ውሃው ረጋ በሚልበት በግድብ፣ በሐይቅና በወደብ ወለል ላይም ያርፋሉ።

ደለል በየዓመቱ እየተነባበረ ስለሚተኛ ጎተራን ይመስላል፤ መጀመሪያ የገባው ከታች፣ ኋላ የመጣው ከላይ ነው። ተመራማሪዎች ረጅም ቱቦ ወደ ጭቃው አስገብተው በማውጣትና ንብርብሩን በየተራ በመመርመር የትኛው መርዝ በየትኛው ዘመን እንደመጣ ለማወቅ ይችላሉ። ሰው የረሳውን ጭቃው ይመሰክራል።

የዚህ ትልቁ ማስረጃ በጃፓን የሚናማታ ወደብ የደረሰው ነው። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ፋብሪካ ከ1924 እስከ 1960 ዓ.ም. ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ለቀቀ። መርዙ ከወደቡ ጭቃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣው ወደ ሰው ተላለፈ። በመጀመሪያ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ሞቱ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የሰዎቹ በሽታ በይፋ ታወቀ። ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች በሽተኛ መሆናቸው በመንግሥት ተረጋግጧል። ፍሳሹ ከቆመ በኋላም ጭቃው መርዝ እንደያዘ በመቆየቱ፣ ከ1970 እስከ 1982 ዓ.ም. በተካሄደ ሥራ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ጭቃ ከወደቡ ተነሥቷል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ጉዳት አለ። በአዲስ አበባ የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። በወንዙ ዳር በመስኖ በሚለማ አፈርና አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምን የመሳሰሉ ብረቶች አግኝተዋል።

ወገራ እንዲህ ያለ ፋብሪካ የለበትም ተብሎ ግን ቸል ሊባል አይገባም። የገጠሩ መርዝ ከመጋዘንም ይወጣል። ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባዮች በኢትዮጵያ በየመጋዘኑ ለብዙ ዓመታት ተከማችተው ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ ከ1 ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ታሽጎ ወደ ፊንላንድ ከተላከ በኋላ በዚያ ተቃጥሏል። በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተደረገው ስምምነትም ዲዲቲን ለወባ መከላከያ ካልሆነ በስተቀር ከልክሏል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ደግሞ ፀረ ተባይ ሁሉ እንዲመዘገብ አዟል።

ኬሚካል ሁሉ እኩል አይቆይም። ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም ማጥፊያ አፈር ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል፤ ዲዲቲ ግን ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ መዳብ ያለባቸው የበሽታ መከላከያዎች የሚተዉት መዳብም ከቶ አይጠፋም። ቶሎ የሚፈርሰውም ቢሆን ምንጭ ውስጥ ከታጠበ ከብቱንና ሰውን ለመጉዳት ጊዜ ያገኛል።

ስለዚህ መሪዎች በየቀበሌያቸው ሊያስፈጽሟቸው የሚገቡ ሥራዎች ግልጽ ናቸው። መርጫ በምንጭና በወንዝ ዳር እንዳይታጠብ መከልከል፤ ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እጣቢው ተመልሶ በዚያው ማሳ ላይ እንዲረጭ ማድረግ፤ ዕቃው ተበስቶ በአንድ በተዘጋ ቦታ እንዲሰበሰብ፣ ለውሃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ ከቶ እንዳያገለግል መቆጣጠር ነው። ኬሚካል ፈቃድ ካለው ነጋዴ ብቻ መገዛት አለበት፤ ከርጭት በኋላ በመግለጫው ላይ የተጻፉት ቀናት ሳያልቁ ምርቱ ወደ ገበያ መውጣት የለበትም።

በቤት ጥግ ወይም በመጋዘን የቆየ አሮጌ መርዝ ቢገኝ መቅበርም ማቃጠልም አይገባም፤ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይበቃል። የተቀበረው መርዝ ከጎርፍ ጋር ወንዝ ሊወርድ ይችላልና።

እርከንና በማሳው ጠርዝ የሚተከል ሣር አፈሩን ሲይዙ መርዙንም አብረው ይይዛሉ። ለእርከን የሚወጣው ሕዝብ የራሱን ማሳ ብቻ ሳይሆን ከታች ውሃ የሚቀዱትንም ሰዎች የሚጠብቅ መሆኑን መሪዎች በየስብሰባው ሊያስረዱት ይገባል።