«ቫምፓየር»ን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

የሲኒማ ቃላትን ስንመረምር በአቻ ፍለጋ ረገድ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ከሚጠይቁት አንዱ «ቫምፓየር» ሆኖ አግኝተነዋል። ቃሉን የምናየው ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በፈረንሳይ፣ በቤልጂየምና በስፔን አዘጋጆች እጅ በዳበረው የፊልም ዘውግ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘውጉ ጎቲክ፣ ፍትወታዊ፣ ሕልም መሰልና አስፈሪ በሚሉ ቅጽሎች ይገለጻል፤ ስለዚህ አስቀድመን የሚያሻሙትን እንይ።

«ጎቲክ» በመጀመሪያ ከአንድ ጥንታዊ የጀርመን ነገድ ስም የወጣ ሲሆን፣ ኋላ የመካከለኛው ዘመን የሕንፃ ስልት መጠሪያ ሆነ። እንግሊዛዊው ሆራስ ዎልፖል «የኦትራንቶ ግንብ» የተባለውን ልቦለዱን በ1765 በወጣው ሁለተኛ ዕትም «ጎቲክ ታሪክ» ብሎ ስለ ሰየመው፣ ያረጀ ግንብ፣ መቃብርና ሙት መንፈስ ላለበት ትረካም መጠሪያ ለመሆን በቃ። ሦስቱን ፍች የሚያጠቃልል የአማርኛ ቃል ስለሌለ በውሰት መያዙን እንመርጣለን።

«ወሲባዊ» ከማለት «ፍትወታዊ» ማለቱ ይሻላል። «ፈተወ» በግዕዝ ወደደ፣ ተመኘ ማለት ነውና፤ የዘውጉም መሠረት ከድርጊቱ ይልቅ ምኞቱ ነው። ሃሪ ኩመል በ1971 ባዘጋጀው «ቀያይ ከንፈሮች» በተሰኘው ፊልም፣ አዲስ ተጋቢዎች በኦስተንድ የባሕር ዳርቻ እንግዳ በራቀው ሆቴል ከአንዲት ባላባት ሴት ጋር ይገናኛሉ። ፍርሃቱ የሚመነጨው ከሴትዮዋ ለስላሳ አነጋገርና ከሆቴሉ ጸጥታ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው የዣን ሮላን ፊልም ደግሞ ቫምፓየር ከቁም ሰዓት ሣጥን ውስጥ ትወጣለች፤ ምክንያቱ አይነገርም። «ሕልም መሰል» ያሰኘውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንመለስ። አንዳንዱ ተርጓሚ «ቡዳ» ሊለው ይችላል። ነገር ግን በሕዝብ እምነት ቡዳ በዓይኑ ይበላል የሚባል ሕያው ሰው እንጂ ከመቃብር የተነሣ ሙት አይደለም። ከዚህም በላይ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቤተ እስራኤላውያን በዚህ ስም ሲገለሉና ሲጠቁ ኖረዋል። ቫምፓየርን «ቡዳ» ማለት፣ ተመልካቹ በመጋረጃው ላይ ያየውን ጭካኔ ወደ ጎረቤቱ እንዲያሻግር መንገድ መጥረግ ነው። የስሕተት ትርጉም ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይቀርም።

«ደም መጣጭ» የሚለውም አያጠግብም። በአማርኛ በዝባዥን ለማውገዝ ሲሠራበት ቆይቷልና፤ ፍቹም ሰፊ ነው። ሮላን በ1979 ባወጣው «ፋሲናሲዮን» ሴቶች ለደም ማነስ መድኃኒት ይሆናል ብለው በቄራ የበሬ ደም ይጠጣሉ፤ ጥማታቸውም ወደ ሰው ይሻገራል። ደም ጠጪዎች ናቸው፤ ሆኖም ሕያዋን ስለ ሆኑ ቫምፓየር አይደሉም። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ተርጓሚ የፊልሙን ምሥጢር ያጠፋዋል።

ስለዚህ ውሰት ቃሉ ከሚከተለው ብያኔ ጋር እንዲያዝ ሐሳብ እናቀርባለን፤

ቫምፓየር፦ (ስም) በአውሮፓ ተረት፣ ከሞተ በኋላ ከመቃብር እየተነሣ የሕያዋንን ደም በመምጠጥ ይኖራል የሚባል ፍጡር። ከ«ቡዳ» የተለየ ነው።

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር በብያኔ ልማድ ትርፍ መስላ ልትታይ ትችላለች፤ እኛ ግን እንዳትቀር እናሳስባለን።