የባለቤቱ እርካታ እና የአምራቹ ሒሳብ

በቁስቋም ዳገት የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰው ደስታው እውነተኛ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ አያቃስትም፤ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ በፍሬን ይባክን የነበረው ጉልበት ከፊሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል።

እንደ ሒሳብ ባለሙያ ግን አደራ የምለው አለኝ፦ የባለቤት እርካታ የዛሬውን መኪና ይመዝናል፤ የአምራቹ ሒሳብ የነገውን አገልግሎት።

ቴስላ በደንበኞቹ እየተወደደ ለዓመታት ከስሯል፤ ዓመቱን ሙሉ አትርፎ የዘጋው መጀመሪያ በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ ተርፏል። የቻይናው ደብልዩ ኤም ሞተር በ2023፣ የአሜሪካው ፊስከር በ2024 ግን በኪሳራ ምክንያት ፍርድ ቤት ደረሱ። መኪናቸውን የገዙ ሰዎች በመለዋወጫና በሶፍትዌር ተቸገሩ።

አገራችን በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለች ጉዳዩ የእኛም ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

• አምራቹ ከሽያጩ ጥሬ ገንዘብ ያገኛል ወይስ በብድር ነው የቆመው?
• የባትሪውን ዋስትና እዚህ አገር በጽሑፍ የሚፈርምላችሁ ማነው?
• መለዋወጫው አዲስ አበባ ውስጥ አለ?

ጎረቤት መኪናውን ሲያመሰግን እመኑት። ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ግን ለሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ስታገኙ ይሁን።